የሚመልሰው ዕቃ ያጣ ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ምንም የማይጎድለው ባለጸጋ ገበሬ። አንተ ይኄይስ፣ «የመመለሻ ቀን መጽሐፍ የማያውቀው ቀን ነው፤ ስለ እሱ ብለን ትምህርት የምናቋርጠው ለምንድን ነው?» ብለህ እኔን መምህርህን ጠየቅኸኝ አይደል? እንግዲያው ቁጭ በልና ስማ።

የዚያ ሰው መንደር እንደ እኛው የመመለሻን ቀን ታከብር ነበር፤ የጳጉሜን መጨረሻ ቀን። የሰው ዕቃ ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ የተዋዋሱት ወንፊት፣ መጥረቢያ፣ እንስራ ሁሉ ያን ቀን ለባለቤቱ ይመለሳል። ባዶውን ግን አይደለም፤ ቆሎም ይሁን ዳቦ ይያዝበታል። ያመጣውም ሰው ሳይቀምስ አይወጣም።

ባለጸጋው ከማንም አይዋስም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ወንፊት ልትዋስ ወጣ ስትል፣ «ሦስት ወንፊት እያለሽ! ቤቴን የደሃ ቤት አስመሰልሽው እኮ!» እያለ ይቆጣት ነበር። እሷ ሳቅ ብላ ትሄዳለች። ከሞተች በኋላ ግን ደጁን የረገጠ የለም። የማይዋስን ሰው ማን ደፍሮ አውሰኝ ይለዋል?

አንድ ዓመት የመመለሻ ቀን ደረሰ። መንደሩ በሳቅ ደምቋል፤ እሱ ደጁ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። የሸማኔው ሚስት መጥረቢያ ይዛ በእሱ አቅጣጫ ስትመጣ ልቡ ዘለለ፤ ብድግ አለ። «እንደምን ዋሉ?» ብላው አለፈችና ጎረቤት ገባች።

ወደ ቤቱ ገብቶ አንድ የሰው ዕቃ ባገኝ ብሎ ጓዳውን በረበረ። ሁሉም የራሱ ነው። ሚስቱ ለምን ትዋስ እንደነበር ያኔ ገባው፤ ወንፊት ጎድሏት አልነበረም። ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

አመሻሽ ላይ ሸማኔው ቤት ሄደና ሴትዮዋን «ወንፊት አውሺኝ» አላት።

«አበስኩ ገበርኩ! እርስዎ? ሦስት አለዎት አይደል እንዴ?»

«አለኝ። ያንቺን ነው የምፈልገው።»

«ዛሬማ ማዋስ ነውር ነው» አለች።

አንገቱን ደፍቶ ሊሄድ ዞረ።

«ነገ ግን ይምጡ» አለችው። «ያለኝ አንድ ወንፊት ነው፤ ዱቄት መንፋት ባሰኘኝ ቁጥር እርስዎ ቤት መመላለሴ ነው፤ ምን አደርጋለሁ!»

ሰውዬው እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር ነጋ፤ ማልዶም ሄደ።

እንግዲህ ልጄ፣ አባቶች ቀኑን የሠሩት ለወንፊቱ መስሎህ ነው? ዕቃው ሰበብ ነው። ሰው ሰውን ሳይፈልግ ዓመት እንዳይዞር ብለው ነው። አንተም ያን ባለጸጋ ትመስላለህ። ጎጆህ ሙሉ ነው፤ ከባልንጀሮችህ እሳት እንኳ ጭረህ አታውቅም። ቀኑ ሲመጣ የምትሄድበት ደጅ የለህም፤ ለዚህ ነው የጠላኸው። «ለማንም ሸክም አልሆንም» ትላለህ፤ እንዲህ ያለው ሰው ቢታመምስ ማን ያስታውሰዋል? ቀኑ ሳይደርስ ተነሥ፤ ወደ ባልንጀሮችህ ጎጆ ሂድና «ቢላ አውሱኝ» በል። ቢላ እንዳለህ አውቃለሁ።