የአቶ ልሳነወርቅ ጎማ

አርባ ዓመት ጎማ ስለጥፍ የዝሆን ጆሮ የሚያህል ቀዳዳ ደፍኛለሁ እያልኩ እፎክራለሁ፤ ባለቤቴ ግን «የጣሪያችንን ቀዳዳ መች ደፈንክ?» ትለኛለች። ይህን ጉደኛ ባለሙያ ነው እንግዲህ ባለሥልጣኑ አቶ ልሳነወርቅ፣ ከቤቴ የምትሰፋ መኪናቸውን ደጄ ላይ አቁመው የጠየቁት።

«አንተ ሽማግሌ፣ ተንፍሶም የሚሄደውን ጎማ ልግዛ ወይስ ተራውን? በምክርህ መንገድ ላይ ብቀር ሱቅህን አስፈርሳታለሁ።»

ሱቄን እወዳታለሁ። ምላሴ ግን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል።

«ለእርስዎስ ተንፍሶም የሚሄደው ነው፣ ጌታዬ።»

«ለምን?»

«ተራው ጎማ ሲተነፍስ መንገደኛ ቆሞ ክሪክ ያውሳል፣ ያግዛል። እርስዎ ግን ያለ ሰላምታ ጭቃ ረጭተውብን ነው የሚያልፉት፤ ማን ይቆምልዎታል? እኔ ራሴ ብቆም እንኳ ለማየት ነው።»