ጉሬዛ መተንፈሻውን ሊፈታ ሲነሣ

የቆማችሁ ተቀመጡ፤ የተቀመጣችሁ ቀረብ በሉ። ዕቃም እንስሳም አንደበት በነበረው ዘመን፣ መዶሻ ሲናገር ጉሬዛ ይሰማ በነበረ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ።

በአንድ ሐይቅ ዳር አንድ ጉሬዛ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። እናቱ አንድም ጥርስ አልቀራትም፤ የምትበላው የተፈጨ ብቻ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን መንደርተኛው የወፍጮውን መጅ ለማስወቀር በታንኳ ወደ ማዶ ላከ። ታንኳዋ ተገለበጠችና መጁ ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ። ወፍጮው ዝም አለ። ጥርስ ያለው ሁሉ ጥሬ ቆረጠመ። ጥርስ የሌላት እናት ምን ትቆርጥም? ውኃ እየጠጣች የልጇን ዐይን ዐይኑን ታይ ጀመር።

ጉሬዛ ጠላቂ ነው። የጠላቂ መተንፈሻ አለው፤ ባንድ ጫፉ ከአየር ሲሊንደር ጋር ይገጠማል፣ በሌላው ጫፉ በጥርስ ይያዛል። ሲስቡት ይሰጣል፣ ሲተዉት ይዘጋል። "ጉሬዛ ከዛፍ የማይወርድ እንስሳ ሆኖ ሳለ ይህን ከየት አመጣው?" የሚል ካለ፣ ጨዋ ልጅ ተረት አያቋርጥም።

መተንፈሻው ግን ታሞ ነበር። ሳይስቡትም "ስስስስ" ይላል።

"ምን ሆነሃል?" አለው ጉሬዛ።

"ከነሐስ ክዳኔ ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት አርጅታለች" አለ መተንፈሻው። "ክፈተኝና አዲስ አድርግልኝ። እንዲህ እየፈሰስኩ ይዘኸኝ ከገባህ፣ ታች ሳለህ አየሩ ያልቅና ከመጁ አጠገብ ትተኛለህ።"

"ራሴ እፈታሃለሁ" አለ ጉሬዛ፤ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈተ።

እዚህ ላይ የዚያን ሣጥን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። መልካም ሥርዓት ነው፤ ማንም እንዳይስቅ። መሣሪያ ለሥራ የሚወጣው በዕድሜው ነበር። ታላቅ ሳይነካው ታናሽ አይነካም። ሰዓት ቢቆም መጀመሪያ መዶሻ ያየዋል። መነጽር ቢላላ መጀመሪያ መዶሻ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ሰዓት፣ መነጽሩም መነጽር ባይሆን፣ ቅር የተሰኘ ሽማግሌ ግን አልነበረም።

ታላቁ አባባ መዶሻ ናቸው። ታዲያ ታላቅ እንዲህ በቀላሉ ይወጣል?

"ፒንሳ ይቅደም" አሉ መዶሻ።

"ኧረ በሞቴ! እርስዎ እያሉ?" አለ ፒንሳ።

"እንግዲያው ወስፌ ትቅደም።"

"ወይ ጉድ! ታላቅ ቆሞ? አላደርገውም!" አለች ወስፌ።

"ፒንሳ፣ እሺ በለኝ..."

"አፈር ስሆን፣ አባባ!"

ጉሬዛ ጭራውን ይነክሳል። መተንፈሻው "ስስስስ" ይላል። እናት ውኃ ትጠጣለች።

በመጨረሻ መዶሻ "እንግዲህ ካላችሁ" ብለው ተነሡ። ድሮም ሊነሡ ነበር። ጉሬዛ መተንፈሻውን ከሲሊንደሩ ነቅሎ አቀረበላቸው።

"አባባ፣ ክዳኑ የሚዞር እንጂ የሚመታ አይደለም" አለ ጉሬዛ።

"ልጄ፣ ሳይመታ የተማረ እስከ ዛሬ አላየሁም" አሉና፣ ቋ!

ክዳኑ ጎደጎደ እንጂ አልተከፈተም። "ኧረ ግንባሬን!" አለ መተንፈሻው።

"ይኸው፣ ድምፁ ጠራ" አሉ መዶሻ፤ ኮራ ብለው ተቀመጡ።

ፒንሳ ተነሣ። "እኔ የያዝኩትን አልለቅም" አለ። ነከሰ፤ አዳለጠው። እንደገና ነከሰ፤ አዳለጠው። በሦስተኛው ክዳኑን አዞረው። ክዳኑ ተከፈተ፤ ጠርዙ ግን ውሻ የተጫወተበት አጥንት መሰለ።

"ጋሼ፣ ቀስ ቢሉስ!" አለ ጉሬዛ።

"ጥርስ ያለው ይነክሳል። እናትህም ቢኖራት ትነክስ ነበር።"

የጉሬዛ ነጩም ጥቁሩም ጠጉር ቆመ። ቢሆንም ታላቅ ነውና ዋጠው።

ወስፌ ተነሣች። "ስንት ሰፌድ ሰፍቻለሁ! አንዲት የጎማ ቀለበት ታቅተኛለች?" አለች፤ ሹል የብረት ጫፏን ወደ ውስጥ አሾለከች። መተንፈሻው ጮኸ።

"አቁማት! ግንባሬን መቱኝ፣ ቻልኩ። ጠርዜን አኘኩት፣ ቻልኩ። ቀለበቷ የምትተኛበት ነሐስ ግን የፀጉር ያህል ቢጫር፣ አዲስ ብታለብሰኝም አየሩ በጭረቱ ያመልጣል። ያኔ ማን ያስተነፍስሃል?"

"ዕቃ ደግሞ ይከራከራል!" አለች ወስፌ። "ታላቆቼ ገብተውበት እኔ ልቅር? ነውር አይደለም?"

ጉሬዛ እጀታዋን ለቀም አደረገ። ሂዱልኝ ብሎ ሊጮኽ ቃጣው። ግን መዶሻን ያስቀየመ፣ ነገ ቤቱ ቢዘም ማን ይደርስለታል? ስለዚህ እጅ ነሣ።

"አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ሥራው ሳይመረቅ ጀመርኩት። እባክዎ እዚያ ዋርካ ሥር ሆነው ይመርቁልኝ። ጋሼና እትዬም አሜን ይበሉልኝ፤ ያለ አሜን ምርቃት ምን ዋጋ አለው?"

"ይኼ ነው የተባረከ ልጅ!" አሉ መዶሻ። ሦስቱም ወደ ዋርካው ሄዱ። ምርቃቱም እንደ ማንኛውም ጥሩ ምርቃት ረጅም ነበር።

ጉሬዛ ወደ መተንፈሻው ዞረ። "አንተስ? ምን ይስማማሃል?"

"እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም" አለ መተንፈሻው። "ለክዳኔ በልኬ የሆነ መፍቻ። ለቀለበቴ ከነሐስ የሚለሰልስ ነገር። ስትዘጋኝ ደግሞ፣ ጥብቅ ሲል ተወኝ፤ ጉልበትህን አታሳየኝ።"

ጉሬዛ የተላመጠውን ጠርዝ በሞረድ አስተካከለ። የቀርከሃ ስንጥር ቀርጾ ጫፉን አለዘበና አሮጌዋን ቀለበት ፈልቅቆ አወጣ። ማረፊያዋን ወደ ፀሐይ አዙሮ አየ፤ ጭረት የለም። ከሣጥኑ አዲሷን አውጥቶ አስቀመጠ። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ የቀሩትን ታናናሽ መፍቻዎች ሞከረ። አንዱ ሰፋ፤ ተወው። አንዱ ጠበበ፤ ተወው። ሌላው ክዳኑን ሳይጨምቅም ሳይላላም ያዘው። አዞረ፤ ጥብቅ ሲል ተወ።

ከሲሊንደሩ ጋር ገጥሞ አየሩን ለቀቀ፤ ጆሮውን አስጠጋ። ዝም። ሳበው፤ ሰጠ። ተወው፤ ዘጋ። ከዋርካው ሥር "ይቅናህ!" "አሜን!" ይሰማል።

ጠለቀ። ውኃው ጨለመ፤ ትንፋሹ ግን በጠራው ቁጥር መጣለት። ከታች መጁ ጭቃ ላይ ተጋድሞ ነበር።

"ምነው እንዲህ ዘገየህ?" አለው መጁ።

ጉሬዛ አፉ ተይዟልና አልመለሰም። በገመድ አሰረው፤ ወጥቶም ጎተተው።

ወፍጮው ጮኸ። እናት ገንፎ በላች። መዶሻ ከዋርካው ሥር ሆነው "አያችሁ? ምርቃቴ ባይኖር እኮ አልቆለት ነበር!" አሉ። "ምን ጥርጥር አለው!" አሉ ፒንሳና ወስፌ።

ጉሬዛ አፉን ከፈተ። እናቱ ስትውጥ አየ። አፉን ዘጋ።

"እውነትዎን ነው፣ አባባ" አለ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ነገር ሲበላሽ አሁንም ታላቅ ይቀድማል፤ ወደ ዋርካው።

ለምርቃት ዕድሜ ይመረጣል፤ ለእስትንፋስ ልክ። እኔ ተርቼ ጨረስኩ፤ እናንተም ተንፍሱ።