የአህይቷ አራት ቅል ገብስ

አንድ ጊዜ፣ ጓሳ ሣር ከሚበቅልበት ተራራ ሥር፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ደጋ፣ አንዲት አህይት ገብስ እያመረተች አገሩን ሁሉ ትመግብ ነበር። አገሩን ሁሉ መባሉ ለማጋነን አይደለም። አንበሳ በሶውን የሚበጠብጠው ከእሷ ገብስ ነው። ቀበሮ ቆሎውን የሚቆረጥመው ከእሷ ገብስ ነው። ዝንጀሮዎቹ ጠላ ጠምቀው እሑድ እሑድ ሲንጫጩ የሚውሉት ከእሷው ገብስ ነው። ጅብማ ያው ጅብ ነው፤ በሶውንም፣ ቆሎውንም፣ ገለባውንም፣ አንዳንዴ የቀረበበትን ሰፌድ ጭምር ይበላ ነበር።

ግን ልብ በሉልኝ፤ የጅብን ሆድ ገብስ አያጠግበውም። እሱ ዓይኑን የጣለው ገብሱ ላይ ሳይሆን ገብሱን በምትዘራው ላይ ነበር። አህይቷ ማሳዋ ውስጥ ጎንበስ ባለች ቁጥር ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ዳሌዋን እያየ ምራቁን ይውጣል። ከመዋጥ አያልፍም፤ አንበሳ አዋጅ አስነግሯላ። አዋጁም አጭር ነበር፦ «አህይቷን የነካ ጥርሱ ይረግፋል፤ ገብስ የምታበላን እሷ ናት።»

ጅቡ ምራቁን ሲውጥ፣ ሲውጥ ከረመና አንድ ቀን ጨንቆት ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«ወንድሜ፣ እኔስ አለቀልኝ» አለው። «ትናንት ደግሞ አየኋት። ወፍራለች።»

«ከገብሱ ነው» አለ ቀበሮ ቆሎውን እየቆረጠመ።

«ጥርሴ ሳይረግፍ የምበላበት መላ አታውቅም?»

ቀበሮም የራሱ ጉዳይ ነበረው። ሰኔ በገባ ቁጥር አውሬው ሁሉ አህይቷ ደጃፍ ተሰልፎ «የቱን ልዝራ? የት ልዝራ?» ሲላት እያየ አንጀቱ ያርር ነበር። እሱ ደጃፍ የሚሰለፍ የለማ።

«ለመሆኑ አንበሳ አዋጁን ያወጣው ለምንድን ነው?» አለው።

«ገብስ ስለምታበላው።»

«ገብሱስ ከምን ይመጣል?»

ጅቡ አሰበ። ሲያስብ ጊዜ ይወስድበታል፤ ጎኑን አከከ፣ ጆሮውን አራገፈ፣ አንዴ አዛጋ። «ከመሬት» አለ።

«ከዘር ነው፣ አያ ጅቦ።»

«እሱንም ልል ነበር።»

«እንግዲያው ዘሩ እኛ እጅ ከገባ፣ አህይቷ ምን ትሆናለች?»

ይህችን እንኳ ጅቡ ሳያስብ መለሳት። «ምሳ» አለ።

ቀበሮ ውሎ አላደረም። አንበሳ ፊት ቀርቦ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ ያገር ዘር ሁሉ በአንዲት አህያ ቤት መቀመጡ እንቅልፍ ነሣኝ» አለ። «ብትሞትስ? ቤቷ ቢቃጠልስ? እኔ ልያዘው። መሸከሙን አያ ጅቦ ይሸከማል።» አንበሳ በሶውን እየጠጣ ነበር። አፉ ሙሉ ስለነበር ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ሆኖ ቀበሮ የገብስ ሹም ሆነ። ከእርሻ ጋር የተዋወቀው ቆሎ ላይ ነው፤ ግን ሹመት ይህን አይጠይቅም።

ጅቡ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ አህይቷ ቤት ደረሰ። በር ላይ ቆሞ መንገዱን ሁሉ ሲያጠናው የመጣውን ተናገረ። «የገብስ ሹም ልኮኝ ነው። ዘር ስጪኝ። ሁሉንም። የአንበሳ ትእዛዝ ነው።»

አህይቷ ገባት። መች ጠፍቷት። ዘሩ ከቤቷ ከወጣ አዋጁም አብሮ እንደሚወጣ፣ አዋጁ ከወጣ ደግሞ እዚህ በር ላይ ምራቁን የሚውጠው ማን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ግን በዚያ አገር ዘር የጠየቀ ባዶ እጁን አይመለስም። ጠላት ቢሆንም ይሰጠዋል፤ የሚመጣው ዓመት ውርጭ የማንን ማሳ እንደሚመታ ማን ያውቃል? ሥርዓቱ ግን ሌላም አለበት። ዘር ከነቃሉ ነው የሚሰጠው። የቱ መሬት፣ በስንት ወር፣ ለምን ምግብ የሚለው ይነገራል፤ ተቀባዩም ሦስት ጊዜ ሳይመልስ ቅሉን አያነሣም። አህይቷ ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው እዚህ ላይ ነበር። ቃሉ በደንብ ከገባው ገብሱ ይበቅላል፤ ገብሱ ከበቀለ የራበው አይኖርም፤ የራበው ከሌለ ማን እሷን ለመብላት ያስባል?

«ግባ፣ አያ ጅቦ። ቁጭ በል» አለችው።

ከምድጃው በላይ፣ ነቀዝ እንዳይገባባቸው ጢስ በሚያገኛቸው ቦታ፣ አራት ቅሎች ተሰቅለዋል። የመጀመሪያውን አወረደች።

«ይህ ሰምረታ ነው። ፈጥኖ ደራሽ ነው። ጓሮ፣ ፍግ የበላ መሬት ላይ ዝሩት። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት የሚደርስልን እሱ ነው። ሲደርስ ግን ቀን አትስጡት፤ ይረግፋል። በል መልስ።»

«ሰምረታ» አለ ጅቡ። «ነሐሴ። ይረግፋል።»

«የት ነው የሚዘራው?»

«ነሐሴ ላይ።»

«ጓሮ፣ አያ ጅቦ። ጓሮ» አለችውና ሁለተኛውን አወረደች። «ይህ ሰነፍ ገብስ ነው።»

«ሰነፍ ከሆነ ለምን ይዘራል?»

«ሰነፉ እሱ አይደለም። ቅርፊቱ ብዙ ሳይፈተግ ስለሚለቅ ለሰነፍ ሴትም ይመቻል ብለው ነው። ለቆሎ እሱን የሚያህል የለም። አገዳው ግን ደካማ ነው፤ ወፍራም መሬት ካገኘ ይተኛል። ሳሳ ያለ አፈር ስጡት።»

«እኔም መፈተግ አልወድም» አለ ጅቡ። «ይሄኛው ገብቶኛል።»

«ይህ ደግሞ ነጭ ገብስ ነው። እንጀራውም ገንፎውም ከእሱ ነው። ፍሬው ያምራል፣ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ተረተሩ ላይ ዝሩት። ረባዳ ላይ ከዘራችሁት ውሃ ቢጫ ያደርገዋል፤ ከውሃው ቢያመልጥ ውርጭ ይጠብቀዋል። ውርጭ የሚተኛው ረባዳ ላይ ነው።»

ጅቡ ራሱን ነቀነቀ። አህይቷ ቅሉን ለማውረድ ስትንጠራራ የኋላ እግሯ ሥጋ እንዴት እንደሚወጠር እያየ ነበር።

አራተኛውን ቅል ስታወርድ እቅፍ አደረገችው። «ይህ ጥቁር ገብስ ነው። ጠላው ይጣፍጣል፤ እኔ የያዝኩት ግን ለጠላው አይደለም። ሌላው ሁሉ ውርጭ ሲያቃጥለው እሱ ይቆማል። ረባዳው የእሱ ነው። ሌላው ቢጠፋባችሁ እንኳ ይህን አታጥፉት። አሁን ከመጀመሪያው ጀምረህ መልስልኝ።»

ጅቡ ጀመረ። ሰምረታን ተረተር ላይ ዘራው። ሰነፍ ገብስን ጠላ ጠመቀው። እሷ አቃናችለት። እንደገና ጀመረ፤ አሁን ደግሞ ጥቁሩን ጓሮ ወስዶ ነሐሴ ላይ አጨደው። እሷ አቃናችለት። ላብ ጠመቀው። ኧረ ለጅብ አራት ነገር አንድ ላይ መያዝ ቀላል አይደለም፤ በዚያ ላይ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው።

«ይበቃል፣ እመት አህይት። ሹሙ ይቆጣኛል» ብሎ ቅሎቹን ሰበሰበ።

«ሦስተኛውን አልመለስክም።»

«መንገድ ላይ እመልሰዋለሁ።»

መንገድ ላይ ግን ሌላ ችግር መጣ። አራት ቅል ለመሸከም አይመችም። አንዱን ሲያነሣ ሌላው ይንከባለላል፤ ሁለቱን ሲነክስ አፉ አይዘጋም። ጅቡ ቆሞ አሰበና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍጥነት አንድ መላ መጣለት። አራቱንም ጆንያው ውስጥ ዘረገፋቸው፣ ቅሎቹን ገደል ወረወራቸውና ሸክም እንዲህ ሲቀል እየገረመው ሄደ። በየመታጠፊያው ደግሞ እየዘገነ ይቆረጥም ነበር።

ቀበሮ ጆንያውን ሲፈታ ጥቁሩም ነጩም ተዘባርቆ አየው። «ምን አለችህ?» አለ።

«ዝሩት አለች።»

«የት?»

«መሬት ላይ።»

ቀበሮ ነገሩ አልጣመውም። ሄዶ አህይቷን ቢጠይቃት ታስረዳው ነበር። ግን ሹም የሆነ ሰው ደጃፏ ሲቆም አውሬው ቢያየውስ? ተወው። አንበሳ ከተቀመጠበት ሆኖ እንዲያይለት ሰፊውን ረባዳ አሳረሰና ጆንያውን እንዳለ በተነው።

ክረምቱ ገፋ። ነሐሴ ላይ ሰምረታው ሌላው ገና አረንጓዴ ሳለ ደረሰ። ቀበሮ «ሁሉም አንድ ላይ ይታጨዳል» ብሎ ከለከለ፤ ሰምረታውም ረግፎ ወፍ ለቀመው። ሰነፍ ገብሱ ወፍራም መሬት አግኝቶ ከልክ በላይ ረዘመና ተኛ፤ በተኛበትም በሰበሰ። ነጩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቢጫ ሆነ፤ ጥቅምት ላይ ውርጭ ሲመጣ የተረፈውን አንድ ሌሊት ጠበሰው። እዚህም እዚያም ብቻ፣ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተራርቆ፣ ጥቁር ዛላ ቆሞ ቀረ። አንበሳ በሶውን ሲያስበጠብጥ የቀረበለት ውሃ ነበር።

ሸንጎ ተጠራ። ቀበሮ ቀድሞ ተናገረ። «ጌታዬ፣ እኔ የሰጠችኝን ዘራሁ። የሰጠችኝ የተዘባረቀ ነው።»

«በአራት ቅል ለይቼ ነው የሰጠሁት» አለች አህይቷ። «አሁንም አልጠፋም። ጥቁሩን ስጡኝ፣ ከተረፈው ውስጥ ዛላ ዛላውን እለቅማለሁ። ሦስት ዓመት ብትታገሡኝ ሁሉንም እመልሰዋለሁ።»

«ሦስት ዓመት» አለ አንበሳ። ሆዱ ጮኸ። ከዚያ ወደ ጅቡ ዞረ። «ያመጣኸው አንተ ነህ። በስንት አመጣኸው?»

ጅቡ አፉን ከፈተ። ቅሎቹ ትዝ አሉት፤ ገደሉም ትዝ አለው። «እኔ ነኝ የደባለቅኩት» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ጅብም ቢሆን እኮ አንዳንዴ እውነት ይመጣበታል። አህይቷ ትክ ብላ አየችው። እሱም አያት። ያየው ግን ዓይኗን አልነበረም።

«በአንድ ጆንያ» አለ።

አልዋሸም እኮ። በአንድ ጆንያ ነው ያመጣው።

አንበሳ አዋጁን አነሣ።

ጅቡ አህይቷን የያዛት ከማሳዋ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። አልሮጠችም። አልለመነችውምም። «አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ» አለችው። «አሁን እንኳ ስማኝ፣ ሦስተኛው ቀርቶሃል። ሰምረታ ጓሮ ነው…» እያለች ጀመረች። እሱም ጀመረ። እሷ ከመሬቱ ወደ ወሩ፣ ከወሩ ወደ ምግቡ ስትሄድ እሱ ከታፋው ወደ ጎድኑ ሄደ። ድምፅዋ እየቀጠነ ጥቁሩ ገብስ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። ጅቡ እንደዚያ ቀን ጠግቦ አያውቅም። ሦስት ቀን ተኛ።

ደግሞ ሰኔ ገባ። ከዚያ ሁሉ ማሳ፣ የቆመው ጥቁር ዛላ ከመሬት ከተለቀመው ፍሬ ጋር ተደባልቆ፣ ለዘር የተረፈችው አንዲት ቁና ገብስ ናት። የአውሬው ሁሉ የጎድን አጥንት ተቆጥሮ ያልቃል፤ ዝንጀሮዎቹም መንጫጫት ትተዋል። አንበሳ ቁናዋን መሐል አስቀመጠና፣ «ይህች ከጠፋች ሌላ የለንም» አለ። «የቱ የት ይዘራ? ሹሙ ተናገር።»

ቀበሮ ዓይኑን አንከራተተ። «ጌታዬ፣ ምስጢሩን የያዘው አያ ጅቦ ነው። ስትሞት አብሯት የነበረው እሱ ብቻ ነው። እስከ መጨረሻዋ ስትነግረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሩቅ ስለነበርኩ ግን ቃሉ አልተለየልኝም።»

አውሬው ሁሉ ወደ ጅቡ ዞረ። በሕይወቱ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ አንበሳ እንኳ ድምፁን ዝቅ አደረገለት።

«እስቲ ወንድሜ፣ ተናግራለች?»

«አዎ፣ ተናግራለች» አለ ጅቡ። «ብዙ ነው የተናገረችው።»

«ስለ ገብሱ ነው?»

«ስለ ገብሱ ነው።»

«ታዲያ ምን አለች?»

ጅቡ አሰበ። ጎኑን አከከ። ሁሉም ጠበቁት። በመጨረሻ አንገቱን ደፋ።

«እየበላሁ ነበር» አለ።

ቁናዋን ባሰኛቸው ቦታ በተኗት። ጥቅምት ላይ ከማሳው አንድ እፍኝ እንኳ አልተሰበሰበም፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ተራራ ሥር ገብስ በቅሎ አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው የሚያውቀውን ሳያዳምጡ የሚበሉ ሁሉ፣ የራባቸው ቀን የሚጠይቁት እንደማያገኙ ነው።