ላስቲክ የለበሰው ባህር

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባህር አይታ የማታውቅ። ሐይቅ አይታለች፤ ሐዋሳ ሄዳ ዓሣ በልታ ተመልሳለች። ባህር ግን፣ ያ ማዶው የማይታየው ጨዋማ ውሃ፣ እንኳን በዓይኗ በሕልሟም አላየችውም። ታዲያ ይህቺ ሴት ምን ልሣል ብላ ተነሣች መሰላችሁ? ባህር!

ሳቁ፣ ሳቁ! እኔም ስሰማ ስቄአለሁ። ምክንያት ግን ነበራት። ባሏ በወጣትነቱ ባህር ኃይል ነበር፤ ጉልበቱን ምጽዋ ላይ የጨረሰ ሰው። አሁን ዓይኑን ግላኮማ ይዞታል። ከጎን ከጎን እየጨለመበት መጥቶ የቀረችለት ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ብርሃን ናት፤ ሐኪሙ ደግሞ እሷም እንደማትቆይ ነግሮታል። ስማቸውን ይርገዱና አጥላባቸው እንበላቸው። አንድ ቀን አጥላባቸው አዲሱ ኮንዶሚኒየማቸው ውስጥ ተቀምጦ ባዶውን ነጭ ግድግዳ እያየ፣ "ይርገዱ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ባህርን አንዴ ባየው" አላት።

በቃ! ሴትየዋ ተነሣች። ሸራ ገዛች፣ አክሪሊክ ቀለም ገዛች፣ መኝታ ቤቱን ከውስጥ ዘግታ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች መቀባት ጀመረች። ቀለሙ ቶሎ ስለሚደርቅ ስትሳሳት ትደርብበታለች። ማዕበሉንማ በቢላ እያነሣች ዳቦ ላይ ማርማላት እንደሚቀባ ሰው ትለጥፈዋለች! ጸጋው ወረደባት ብትሉ ይቀላል።

ባሏ በሩን ያንኳኳል። "ይርገዱ፣ እስቲ ልየው።"

"አይሆንም! አላለቀም!"

"ያለቀውን ያህል ልየዋ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሂድ ከዚህ! የቤቱ ምረቃ ቀን እንግዳ ፊት ነው የሚገለጠው።"

ወገኖቼ፣ የዚህ ሰው ዓይን እኮ በየቀኑ እየደከመ ነው! ትሰሙኛላችሁ? ለእሱ ብላ የምትሠራውን ከእሱ ትደብቃለች።

ሥዕሉ አለቀ፤ ሳሎን ተሰቀለ። አሁንማ አሳየችው አይደል? የለም! አቧራ እንዳይነካው ብላ ላስቲክ አለበሰችው፤ በላዩ ደግሞ አንሶላ ጋረደችበት። ምን ታጉረመርማላችሁ? ሶፋችሁ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ ያልተነሣለት እጃችሁን አውጡ! አትዋሹ፤ ያላችሁት ቤተ ክርስቲያን ነው!

የምረቃው ቀን ደረሰ። ቤቱ ሞላ። አንድ ሽማግሌ ጸለዩ። አጥላባቸውን ከሥዕሉ ፊት ለፊት አስቀመጡት። ይርገዱ አንሶላውን ገለጠች፤ ላስቲኩን ይዛ ሳብ ብታደርገው ግማሹ ባህር አብሮ ተገንጥሎ መጣ! ለካ ያ ወፍራም ማዕበል ላዩ እንጂ ውስጡ አልደረቀም ነበር፤ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ስታሞቀው ከላስቲኩ ጋር ተጣብቋል።

"ውይ! ውይ! በሞትኩት!" ይርገዱ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። "ላንተ ነበር እኮ! ያን ሁሉ የደከምኩት ላንተ ነበር እኮ!"

አጥላባቸው ተነሣ፤ አፍንጫው ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። የቀረውን አየ፤ የተገነጠለውንም አየ። ከዚያ ዞር ብሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው?

"ቀለሙ የታለ? አምጪው!"

"ምን?"

"አምጪው እንጂ! ዓይኔ ዛሬ አለ!"

እዚያው እንግዳ ፊት፣ በዚያ በአዲሱ ቀሚሷ፣ ብሩሹን ያዘች። እሱ አጠገቧ ቆመ። "ባህር እኮ ሁሉ ቦታ ሰማያዊ አይደለም! ዳር ዳሩን አረንጓዴ ጣል አድርጊበት። አዎ! ወደ ውስጥ ሲገባ አጥቁሪው። አጥቁሪው እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል!" እንግዳው ሳህኑን እንደያዘ ከበባቸው። ወጡ ቀዘቀዘ፤ ማን ልብ ብሎት! የጸለዩት ሽማግሌ ሳይቀሩ "እዚህ ጋ ነጭ ቢጤ ጎድሏል" ማለት ጀመሩ። ሃሌ ሉያ!

ይርገዱ እንባዋን ልጥረግ ስትል ፊቷ ሰማያዊ ሆነ። ያኔ አጥላባቸው ያቺን የቀረችለትን ብርሃን ከባህሩ ላይ አንሥቶ እሷ ላይ አሳረፋት።

"ለምን እስከ ዛሬ አልጠራሽኝም?" አላት። "ስንት ጊዜ የተዘጋ በር ሳይ ከረምኩ። እንዲህ ሆነሽ ባይሽ ነበር እኮ ደስ የሚለኝ!"

እናንተስ? ቡፌ ውስጥ የቆለፋችሁትን ብርጭቆ ተዉት፤ እሱ ቀላል ነው። ወንድሜ፣ "ቤቱን ቤት ያደረግሽው አንቺ ነሽ" የሚለውን ቃል የት ነው ያስቀመጥከው? ለቀብሯ ነው? የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ነው የምታወጣው? ያኔ እኮ አትሰማህም! እህቴ፣ አንቺስ ልጅሽን የምታመሰግኚው ሲመረቅ ብቻ ነው?

ጌታ ጋ ስንመጣ ደግሞ ብሶብናል። "ትዳሬን ላስተካክልና እጸልያለሁ። ሰው ልሁንና ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ።" እሱን ውጭ አቁመን ብቻችንን እንቀባለን፤ ብቻችንን እናበላሻለን፤ ብቻችንን እናለቅሳለን። ኧረ በሩን ክፈቱ! ጌታ የሚያንኳኳው ካለቀላችሁ በኋላ መጥቶ ሊያጨበጭብላችሁ መሰላችሁ? ከጎናችሁ ሊቆም ነው። ገና ሳታምሩ፣ ገና እጃችሁ ሳይታጠብ፣ ዛሬ!

አሁን ከበሩ ጋ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም፤ አላሳፍርህም። ሚስትህ ለምናህ ነው የመጣኸው። የትናንቱ መጠጥ ገና ከትንፋሽህ አልጠፋ ይሆናል፤ "መጠጡን ልተወውና ሌላ እሑድ እመጣለሁ" እያልክ ነው። አትተወው አላልኩህም፤ ብቻህን አትተወው ነው የምልህ። ተነሥና ና።

ወገኖቼ፣ መንገድ ልቀቁለት።