ወንበሩ፣ ድመቷና የላይኛው ጉድጓድ

በአንድ ወቅት፣ ሸንበቆ በሚባል ወንዝ ዳር ቆዳ ፍቀውና አልፍተው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። የማልፊያ ጉድጓዶቻቸው ከላይ ወደ ታች ወንዙን ተከትለው ተሰልፈዋል። የላይኛው ጉድጓድ ባለቤት ንጹሕ ውኃ ያገኛል፤ ቀጥሎ ያለው የእርሱን እጣቢ ይጠቀማል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ምስኪን ደግሞ የሁሉንም ግማት ተሸክሞ ይኖራል። በዚያ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ «እግዜር ወደ ላይ ያውጣህ» ይላል። እንግዳ ሰው ሰማዩን መስሎት አሜን ሲል፣ የአገሩ ሰው ግን ጉድጓዱን እያሰበ ነው አሜን የሚለው።

የላይኛው ጉድጓድ የእማማ ማንጠግቦሽ ነበር። ባላቸው አያ ደርበው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የወንዙ ሕግ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው «አንድ ጉድጓድ፣ አንድ እጅ» ይላል፤ ሁለት ሰው ኖራና ቅጠል ከለካበት ቆዳው ይበላሻልና። ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቱ የሞተበት ጉድጓድ በአምስተኛው ክረምት ወንዙ ከመሙላቱ በፊት አዲስ እጅ ካልገባበት በድንጋይ ይደፈናል ይላል። አያ ደርበው በወጣትነታቸው ዓለት ፈልፍለው ያወጡት ጉድጓድ ሊደፈን አንድ በጋ ቀርቶታል ማለት ነው።

እማማ ግን የሚያስጨንቃቸው ሌላም ነገር ነበራቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ መሬት ላይ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ባላቸው የሠሩላቸው ወንበር፣ መቀመጫውም ከፍ ያለው መደገፊያውም ቆዳ የሆነው፣ እግራቸውም ቤታቸውም እርሱ ነው። አያ ደርበው ሊሞቱ ሲሉ «ወንበሩን አደራ፤ እንዳይደርቅብሽ» ብለዋቸው ነበር። እማማም አደራ አይበሉም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሩ ቅቤ አቅልጠው፣ እያለቀሱ ይቀቡታል።

ችግሩ ድመቶቹ ናቸው። ከጓዳው ጎተራ ስላለ አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ስላለም ሦስት ድመቶች አሉ። አለቃቸው «እመቤት» የምትባል ግራጫ ድመት ናት። በዚያ ቤት ማን ማንን እንደሚያስተዳድር ለጎረቤትም ግልጽ አልነበረም። እመቤትና ልጆቿ ወንበሩን እየላሱና እየቧጨሩ ቆዳውን ሦስት ጊዜ አስቀየሩት፤ በአራተኛው ቆዳው ለሁለት ተተርትሮ እማማ መሐሉ ሰጥመው ተገኙ። ጎረቤት ተጠራርቶ አወጣቸው።

ያን ቀን ሽማግሌ አስጠርተው እንዲህ አሉ፦ «ድመቶቼ ባሉበት ቤት የሚዘልቅ ወንበር ያበጀልኝ ሰው የላይኛውን ጉድጓድ ይውሰድ። ቃሌን ባጥፍ የደርበው አጽም ይፋረደኝ!»

መጀመሪያ የመጣው ኮርቻ ሠሪው ሸዋንግዛው ነው፤ ጉድጓዱ ከታች ሁለተኛው ነበር። እማማን በበቅሎ ጭኖ ቆዳ ገበያ ይዟቸው ወረደ። አርባ ቆዳ ተዘርግቷል። ሸዋንግዛው ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ እየዳሰሰ ይዞር ጀመር። «ይሄ የፍየል ነው፤ ስስ ነው፣ አንድ ጥፍር ይበቃዋል። ይሄ የጥጃ ነው፤ ያምራል፣ ግን ትንሽ ጭረት መልኩን ያጠፋዋል» እያለ አለፈ። ከክምሩ ሥር ጠባሳ የወረሰው የሽማግሌ በሬ ቆዳ ጎትቶ አወጣ። ገበያተኛው ሳቀ። እርሱ ግን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አደረገው፤ ነጭ መስመር ወጣ። በጣቱ ሲያሸው መስመሩ ጠፋ።

ከዚያ መዳፉን ከቆዳው ሳያነሳ ተናገረ፦ «ይሄ በሬ በልጅነቱ ረኃብ አይቷል። ጎኑን ጅብ ነክሶት ተርፏል። ሲያርስ የሚገርፈው ሰው ግራኝ ነው።»

ሻጩ ገበሬ ሳቁን አቆመና ዱላውን የያዘበትን እጁን ተመለከተ። ግራ እጁ ነበር። «አንተ ሰው፣ ከኔ ጋር አብረህ አርሰሃል እንዴ?» አለው። እማማ በበቅሎው ላይ ሆነው ሦስት ጊዜ አማተቡ። በሃምሳ ዓመት የቆዳ ኑሯቸው እንዲህ ያለ መዳፍ አላዩም።

ሸዋንግዛው ቆዳውን ራሱ አልፍቶ በወንበሩ ላይ ወጠረው። ቅዳሜ ሲመጣ እማማ እንደ ልማዳቸው ቅቤ አቅልጠው ቀቡት፤ እሑድ ጠዋት ድመቶቹ በሰልፍ መጡ። ጥፍራቸው እንደ ድሮው አልተረተረውም። ግን ላሱት፣ አኘኩት፣ አረጠቡት፤ በወሩ መሽተት ጀመረ። ሸዋንግዛው አይቶ፣ «እማማ፣ ቆዳው ጥፋት የለበትም። ድመቶቹን ያስወጡ» አላቸው። እማማ ግን እመቤትን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

ሁለተኛው አገልግል በቆዳ የሚለብጠው ገላነው ነበር፤ ጉድጓዱ የመጨረሻው፣ የግማቱ ነው። ገና ከመግባቱ ተንበርክኮ ወንበሩን እንደ ወጥ አሸተተው። ቀና ብሎም፣ «እማማ፣ እርስዎ ይሄን ወንበር ምንድን ነው የሚቀቡት?» አላቸው።

«ቅቤ ነዋ! ለጋ ቅቤ። አደራ ነው።»

«ድመቶቹማ ምን ያድርጉ? ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ እያቀረቡላቸው!»

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አራት ዓመት ሙሉ ባላቸውን እያሰቡ፣ በገዛ እጃቸው አደራውን ሲያስበሉ ኖረዋል። ማልቀስም አማራቸው፣ መሳቅም አማራቸው። በዚያ ወንዝ ቆዳን በቅቤ የማያለሰልስ ሰው ስለሌለ፣ ይህን ስህተት ያለ ገላነው ማንም አያየውም ነበር።

ገላነው ወንበሩን በሙቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ከምድጃው አራቀ፣ ከበሩ ፀሐይም አሸሸ። ጉሎ ወቅጦ ዘይቱን አወጣ፤ ከንብ ሰም ጋር አቅልጦ በባዶ መዳፉ ያሸው ጀመር። ዘጠኝ ቀን አሸው። በስድስተኛው ቀን የመዳፉ ቆዳ ተላጠ፤ በጨርቅ እሽ ቢሉት፣ «ጨርቅ ሙቀት የለውም» አለ። በዘጠነኛው ቀን አንድ ጣሳ ውኃ ደፋበት። ውኃው ከጎደሬ ቅጠል ላይ እንደሚንከባለል ተንከባልሎ ወረደ፤ ቆዳው ላይ አንድ ጠብታ አልቀረም። ሊያይ የመጣው ጎረቤት ሁሉ በየተራ ቆዳውን ነካ እያደረገ አረጋገጠ።

ድመቶቹ መላሳቸውን ተዉ። እመቤት ግን ከእንቅልፏ በተነሳች ቁጥር መደገፊያው ላይ ተንጠራርታ ጥፍሯን ትሞክር ነበር፤ እየተንሸራተተ ቢያስቸግራትም እልኸኛ ናት። ገላነውም በተራው፣ «ዘይቴን እየፋቀችው ነው። ድመቶቹን ያስወጡ» አለ። በዚህስ ከሸዋንግዛው ጋር ተስማሙ። በማግስቱ ሁለቱም ከረጢት ይዘው መጡ፤ ድመቶቹን ወንዝ ማዶ ሊጥሏቸው።

ከበሩ ላይ ትርንጎ ቆማ ነበር፤ አንቀልባ ሰፊዋ፣ ሦስተኛዋ ተፎካካሪ። ሦስት ልጆች ያሏት መበለት ናት። የራሷ ጉድጓድ የላትም፤ ኖራና ቅጠሉን ባለጉድጓዱ እየለካላት፣ በሰው ጉድጓድ በልመና ነው የምትሠራው። ከረጢቱን ከሸዋንግዛው እጅ ነጥቃ ተቀመጠችበት።

«እማማ ያሉት ድመቶቼ ባሉበት ቤት ነው» አለች። «ድመት ማውጣት ሙያ ከሆነ፣ ውሻም ያውቅበታል።»

ከዚያ ለእመቤት ሰገደችላት ማለት ይቻላል። ሦስት ቀን መሬት ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ስትተኛ ጎንበስ፣ ስትነሳ ቀና። አንዴ ጠጋ ብትል እመቤት እጇን ከአንጓው እስከ ክርኑ ቧጠጠቻት፤ ትርንጎ ግን አልጮኸችም፣ ጭረቱ ከየት ተነስቶ የት እንደቆመ በስንዝር ለካችው። እማማ «ይቺ ልጅ ታማለች መሰለኝ» ብለው ሰጉ። በሦስተኛው ቀን ማታ ትርንጎ፣ «በክፋት አይደለም እማማ» አለች። «ስትነሳ ወገቧን የምትዘረጋበት የማይነቃነቅ ነገር ትፈልጋለች። በዚህ ቤት የማይነቃነቅ ነገር ወንበርዎ ብቻ ነው።»

የወይራ ግንድ አምጥታ፣ ከወንበሩ አጠገብ ወለሉን ቆፍራ ተከለችው፤ ቁመቱ እመቤት ተንጠራርታ የምትደርስበት ልክ ነው። ከላይ እስከ ታች ቃጫ ገመድ ጠመጠመችበት፤ እመቤት የምትተኛበትን አሮጌ ጨርቅም አሸችበት። በማግስቱ እመቤት ነቃች። ወንበሩን አየች፣ ግንዱን አየች፣ ትርንጎን አየች። ተራምዳ ግንዱ ላይ ተንጠራራች። ልጆቿም ተከተሏት። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም ጥፍር ወንበሩን አልነካም።

እንግዲህ ነገሩ የማን ነው? ቆዳው የሸዋንግዛው፣ ዘይቱ የገላነው፣ ግንዱ የትርንጎ። እማማ «እስቲ ጊዜ ስጡኝ» እያሉ ሲያመነቱ ሰማዩ መዳመን ጀመረ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ እየተጫጫናቸው፣ እማማ በወንበራቸው ላይ አሸለቡ። አይጥ ተከትሎ የመጣ እባብ ከጎተራው ሥር ወጥቶ፣ ከኋላቸው በመደገፊያው ወደ አንገታቸው ይወጣ ጀመር። እማማ የነቁት አንድ ነገር ዘጭ ሲል ሰምተው ነው። እባቡ ተንሸራትቶ ወድቆ ነበር። ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ ተንሸራተተ። እማማ አንገታቸውን አዙረው አዩት፤ መነሳት ግን አይችሉምና ጮኹ። እባቡ በንዴት ጀርባቸው ባረፈበት ቦታ ላይ፣ ከቆዳው ማዶ ነደፈ። እማማ አንድ ሰው በጣቱ ጀርባቸውን የነካቸው ያህል ተሰማቸው፤ ሌላ ምንም አልሆኑም። ሁለተኛ ሊነድፍ ራሱን ሲያነሳ፣ እመቤት ከግንዱ ጫፍ ተወርውራ ማጅራቱን ያዘችው።

ጎረቤት ሲደርስ እባቡ ሞቶ ነበር። እማማ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው መደገፊያውን ዳሰሱ። ሁለት የጥርስ ምልክት፣ ጎን ለጎን፤ ወደ ውስጥ ያልዘለቀ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ደርበው፣ አየህልኝ?» አሉ። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ፣ ያ ጫጫታው የማይቻል ጎረቤት፣ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

በማግስቱ ሽማግሎች ተሰበሰቡ። የዝናቡ ሽታ መጥቷል፤ ድንጋይ የሚሸከሙት ሰዎችም ከላይኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ሸዋንግዛው አለ፦ «የፍየል ቆዳ ቢሆን ኖሮ ጥርሱ ዘልቆ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን።»

ገላነው አለ፦ «ዘይቴ ሁለት ጊዜ ባያንሸራትተው፣ ቆዳ ወደሌለበት አንገታቸው ደርሶ ነበር።»

ትርንጎ አለች፦ «የመጀመሪያውን ቆዳው መከተ፤ ሁለተኛውንስ ማን ሊመክት ነበር? ድመቷ በእነርሱ ከረጢት ወንዝ ማዶ ሄዳ ቢሆን።»

ከሽማግሎቹ አንዱ «ሦስቱም ይውሰዱት» ብሎ ነበር፤ «አንድ ጉድጓድ፣ አንድ እጅ!» ብለው ጮኹበት። እማማ የባላቸውን የቆዳ መፋቂያ ጭናቸው ላይ አድርገዋል፤ መፋቂያውን የተቀበለ ጉድጓዱን ተቀበለ። ልባቸው በተራ ወደ ሦስቱም ሄዶ ተመለሰ። እመቤትን እንኳ አይተዋት ነበር፤ እርሷ ግን ግንዷ ሥር ተኝታለች፤ ፍርድ የሰው ጣጣ ነው።

ሦስቱም ፊታቸው ተሰልፈው እጃቸውን ዘርግተዋል። አንደኛው በጭፍን የሚያይ መዳፍ ነው። ሁለተኛው የተላጠ መዳፍ ነው። ሦስተኛው እጅ እስከ ክርኑ የተቧጠጠ ነው። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ጣሪያውን ሲመታው እማማ መፋቂያውን አነሱ።

እናንተ ሰሚዎች፣ ከማዶ ሆናችሁ ዝም አትበሉ፤ ወንዙ ሊሞላ ነው። መፋቂያውን በየትኛው እጅ ላይ ያኑሩት?