ያልተዋጠችው ሻኛ

አንድ ጊዜ፣ አውሬዎች መነጣጠቅ ሰልችቷቸው በሬ በቅርጫ አርደው መካፈል በጀመሩበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሻኛ ዕጣ ወጣለት። በሬው ትከሻ ላይ ጉብ የሚለው ጮማ አንድ ብቻ ስለሆነ ለአንድ ዕድለኛ ነበር የሚሰጠው። ደንቡም አያ አንበሶ ባለዕጣውን ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ የተጠራው «አቤት» ካላለ ሻኛው ለሌላ ያልፋል። ጅብ መቼም ለሥጋ ሲጠራ ዘግይቶ አያውቅም። ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ «አቤት» ብሎ ወሰደ።

እንደ ልማዱ ሳያኝክ ሰለቀጠው። የመጨረሻዋ ጉርሻ ግን ምላሱ ላይ አርፋ ቀለጥ ስትል፣ አያ ጅቦ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጣዕም የሚባል ነገር አወቀ። ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ፈራ። «ብውጣት ታልቃለች» ሲል አሰበ። ስለዚህ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋና በሬው የታረደበት ሾላ ሥር ተቀመጠ።

አንድ ቀን አለፈ፤ ሦስት ቀን አለፈ። የሻኛዋ ጣዕም ገና በማግስቱ ጠፍቷል፤ እሱ ግን ጣዕሟ እንዳይጠፋ አፉን አልከፍትም ብሏል። አውሬዎቹ ታመመ ብለው ሊጠይቁት መጡ። ይህን ያየ አቶ ቀበሮ ማንም ሳይሾመው አስተርጓሚ ሆነ።

«እምም» አለ አያ ጅቦ።

«ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ ይላል» አለ ቀበሮ።

«እምምም።»

«ዋሻዬን ለቀበሮ ሰጥቻለሁ፣ ምስክር ሁኑ ይላል።»

አያ ጅቦ ደንግጦ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«አያችሁ? ከነግራ ከነቀኙ ነው የሰጠኝ።»

በዚህ ሁሉ ከማንም በላይ የተደሰተችው እመት አህያ ነበረች። ጅብ አፉን ከዘጋ አህያ ምን ትፈራለች? መጀመሪያ ከሩቅ ጋጠች፤ በማግስቱ ቀረብ አለች፤ በአምስተኛው ቀን ጎኑን ተደግፋ እንቅልፏን ለጠጠች። አያ ጅቦ ለሃጩ ይንጠባጠባል፤ ነገር ግን ሊነክሳት አፉን ቢከፍት ሻኛዋ ልትወድቅበት ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጅቦ» ትለዋለች ስትነቃ። «እንዲህ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም።»

በሰባተኛው ቀን እዚያው ሾላ ሥር ሌላ በሬ ታረደ። አያ ጅቦ በዚያን ጊዜ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠር ነበር። አያ አንበሶ ዕጣ ሲያወጣ፣ ሻኛው እንደገና የወጣው ለማን ቢሆን ጥሩ ነው?

«አያ ጅቦ» ሲል ጠራ።

«እምም።»

«ለቀበሮ ይሁን ብሏል» አለ አስተርጓሚው።

«ደንቡ አቤት ነው» አለ አያ አንበሶ። «አያ ጅቦ፣ ሁለት ጊዜ።»

አያ ጅቦ ቅጠል ላይ የሚያብረቀርቀውን ሻኛ አየ። እንባው መጣ። አቤት ካለ የያዛት ትወድቃለች፤ ዝም ካለ አዲሱ ይሄዳል። ሲያወጣና ሲያወርድ በረሃብ ተዘረረ።

እመት አህያ አዘነችለት። «ይህ ሞኝ፣ ሻኛ ጎርሶ በረሃብ ሊሞት ነው» ብላ ወደ እሱ ተጠጋች።

«አርፈሽ ቁሚ» አለ ቀበሮ በሹክሹክታ። «ቢሞት ለሁለታችንም ይበጃል። ዕድሜ ልክሽን በሰላም ትግጫለሽ።»

«ሌላ ጅብ መች ጠፋ?» አለችው። «ሰላሙ ጥሩ ነበር፤ ሰባት ቀን አጣጣምኩት። አሁን አለቀ።»

ይህን ብላ ዞረችና የአያ ጅቦን መንጋጋ በኋላ እግሯ እርግጫ አቀመሰችው። ሻኛዋም ወደ ጉሮሮው ሸርተት ብላ ወረደች።

«አለቀች» ብሎ አለቀሰ አያ ጅቦ። የገዛ ድምፁን ሲሰማ ራሱ ደነገጠ።

«አያ ጅቦ፣ ለመጨረሻ ጊዜ።»

«አቤት!»

አዲሱን ሻኛ ተቀብሎ አኘከ፤ አጣጣመ፤ ዋጠ። ከንፈሩን ላሰ እንጂ አላለቀሰም። ቀበሮም የትርጉም ሥራው እንዳበቃ ገብቶት ሹልክ አለ። ይኼኔ አያ ጅቦ ወደ አህያ ዞረ።

«እመት አህያ፣ ለካ የሚያልቅ ነገር ማለቁ ነው። ይህን ያስተማረኝ ያ እግርሽ ነው።»

«እንኳን ተሻለዎት።»

«ታዲያ ለሚቀጥለው ቅርጫ ብረሳውስ? እግርሽን እኔ ጋ ትተሽልኝ ብትሄጂ ምናለ? በደንብ አስቀምጠዋለሁ።»

«የት ነው የሚያስቀምጡት?»

አያ ጅቦ እግሯን እያየ ቀረብ አለ።

«አፌ ውስጥ» አላት።

እመት አህያ እግሬ አውጪኝ ብላ ፈረጠጠች። እየሮጠችም «ጥሩ ሰባት ቀን ነበር» ትል ነበር።

ከዚህ የምንማረው የመጣልንን ደስታ አጣጥመን ሲያልቅ በሰላም ብንሸኘው ለሚቀጥለው አቤት ለማለት እንደምንበቃ፣ አልለቅህም ብለን አፍ ብንዘጋበት ግን ጎርሰን እንደምንራብ ነው።