የሻረው መቀመጫ

ዛፉ ከሰው በበዛበት፣ ጅቡም የመንደሩን ሰው በስም ለይቶ ያውቅ በነበረበት በዚያ በጥንቱ ጊዜ፣ ቆላ ማያ በምትባል የገደል አፋፍ መንደር ሻረው የሚባል ሰው ነበር። ጀግና አልነበረም። ባለ ርስትም ባለ ቅኔም አልነበረም። እንጨት ለቃሚ ነበር። የእንጨት ለቃሚ ታሪክ ምን ይሰማል የምትሉ ካላችሁ በሩ ክፍት ነው። የምትቀመጡ ግን እሳቱን መቆስቆሱን ተዉና ስሙ።

የሻረው ጎጆ ከመንደሩ በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻዋን ነበረች። እናቱና አባቱ በተስቦ አልቀው ከታናሽ ወንድሙ ከደምሌ ጋር ቀርቶ ነበር። አባትየው ሳይሞት ከአንድ ትልቅ የወይራ ጉቶ ሁለት በርጩማ ጠርቦላቸዋል። ሰው በርጩማ የሚጠርበው ከዋንዛ ነው፤ ዋንዛ ለመጥረቢያ ይገራል። እሱ ግን ግትር ነበረና ልጆቼ የሚቀመጡበት ከእኔ ዕድሜ ይለፍ ብሎ ከወይራ ጠረበው። አንድ ሰው በግድ የሚያነሳው ከባድ ነገር ሆነ። አንዱ የሻረው፣ አንዱ የደምሌ ተባለ።

ከዕለታት አንድ ቀን ደምሌ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ጨው ሊያመጣ ወረደ። ሲወጣ በርጩማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ ምድጃው አስጠጋና፣ «እንዳይበርደው ጠብቅልኝ፤ ለመስቀል እመጣለሁ» አለ። መስቀል መጣ፤ ደምሌ አልመጣም። ሌላ መስቀል መጣ፤ ደምሌ አልመጣም። ሻረው አላገባም፣ ወርዶ መንደሩ ውስጥም አልኖረም። ወንድሜ ሲመጣ ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘውስ ይል ነበር። ጠዋት ጠዋት የደምሌን በርጩማ አመዱን ይጠርግለታል፣ ቅቤ ሲገኝ ቅቤ ይቀባዋል። ማንንም አያስቀምጥበትም። ለነገሩ የሚቀመጥ ሰውም አይመጣም ነበር።

ሻረው እንጨት ያውቃል። አንዲት ጭራሮ እንኳ ብትሆን ሰብሮ ሳያሸት አያነዳትም። ክትክታ በትንሹ ብዙ ይሞቃል፣ ብሳና ዓይን ያስለቅሳል፣ ወይራ ፍሙ ያድራል ይላል። ከኮረብታው ሆኖ የመንደሩን ጣሪያዎች እያየ ከጭሱ ብቻ የትኛው ቤት ምን እንዳነደደ ይለይ ነበር። የእሱን ጭስ ግን ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም። መንደርተኛው ይስቅበታል። ለሻረው ሚስት ቢያጩለት እንኳ አሽትቶ ይመልሳታል ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ነገር የሆነው በቢተው ቤት ነው። ቢተው የሻረው አብሮ አደግ ነበር። ኋላ ግን ቢተው አገባ፣ ወለደ፣ በሬው በዛለት፤ ሻረው ብቻውን ቀረ። የሞላለትና የጎደለበት ሰላምታቸው እያጠረ ይሄዳል መቼም። አንድ በጋ ቢተው አሮጌ የቁልቋል አጥሩን አፍርሶ ፈለጠና ለማገዶ ከመረው። ቁልቋልን ታውቁታላችሁ፤ ላዩ ደርቆ አጥንት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ወተቱን ቋጥሮ ይቆያል። ያ ወተት ዓይን ከገባ ዓይን የለም፤ ጭሱም ከወተቱ አይሻልም። ሻረው በማለዳ ከኮረብታው ጭሱን አየ። ሮጠ። በር ሳያንኳኳ ገባ። ከጉልቻው መሐል የሚነደውን እንጨት በእጁ እየጎተተ ደጅ ጣለው።

በቆላ ማያ ደንብ የሰውን እሳት ከጉልቻው ማውጣት ያንን ቤት መርገም ነው። ጠላት እንኳ አያደርገውም። ቢተው ዱላ አነሳ። ሻረው አልሸሸም፤ እንጨቱ ቁልቋል ነው፣ አልደረቀም፣ ለልጅቱ ዓይን ብዬ ነው አለ። ቢተው አልሰማውም። መትቶ አስወጣው፤ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ አለው። በዚያው ቀን፣ ምድጃው ሥር ስትጫወት የነበረችው የቢተው ልጅ እንጉዳይ ዓይኗ አብጦ ተጨፈነ። ሰንብቶ በራላት። እሳቱ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እንደማይበራላት ቤተሰቡ ሁሉ ገባው። ግን የደበደበውን ሰው ሄዶ ማመስገን ለማን ይቀላል? ቢተው አፈረ፤ ስላፈረም ወደ ኮረብታው ሳይወጣ ቀረ።

ሻረው ወደ ጎጆው ተመለሰ። እሳቱን ለኮሰ። በአንዱ በርጩማ ተቀመጠ፤ ሌላውን አየው።

ዓመታት አለፉ። እንጉዳይ አደገች፣ ታጨች፣ ሠርጓም በጥር ተደገሰ። ቢተው ለአንድ ልጁ ሠርግ ጠረኑ ያማረ ይሁን ብሎ የጽድ ግንድ አስቆርጦ ከዳሱ አጠገብ አስከመረ። የዳሱ ጣሪያ የደረቀ ሣር ነበር። ጽድ ደግሞ ጠረኑ እንደሚያምር ሁሉ ሲነድ ይፈነጥቃል፤ ከገደሉ የሚነሳው የጥር ነፋስም ፍንጣሪውን ወዴት እንደሚወስድ ሻረው ያውቃል። በሠርጉ ቀን ሻረው አልተጠራም። ቢሆንም የደረቀ ክትክታ ተሸክሞ በጓሮ በኩል ወረደ።

ከዚያ በፊት ተናግሮ ተመትቷል፤ ስለዚህ አሁን አልተናገረም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ወጥ ሠሪዎቹ እጃቸው ሥራ በዝቶበት ነበርና እሳቱን የሚጠብቅ ሰው በመገኘቱ ደስ አላቸው፤ ማነህም አላሉት። ጽዱን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ገደሉ ጥግ ወሰደው፣ በቦታው ክትክታውን ተካ። ሲዘፈን ጀርባውን ለዳሱ ሰጥቶ እሳቱን ይጠብቅ ነበር። ሲበላ እሳቱን ይጠብቅ ነበር። ሙሽራዋ እንጉዳይ ከዳሱ ሆና ያንን ጀርባ አየችና ያ ሰውዬ በልቷል ወይ ብላ ጠየቀች። ምግብ ይዘው ሲወጡ ሄዷል።

ዳሱ አልተቃጠለም። ያልደረሰ አደጋ ደግሞ ማን ያየዋል? በማግስቱ ጽዱ ገደሉ ጥግ ተገኘና ሻረው የሠርግ እንጨት ሊሰርቅ ነበር ተባለ። ይህ ወሬ ኮረብታው ድረስ ደረሰ። ሻረው ሰምቶ አዘነ፤ ለማን ያስተባብላል?

እሳቱን ለኮሰ። በአንዱ በርጩማ ተቀመጠ፤ ሌላውን አየው።

እንጉዳይ ለመውለድ ወደ አባቷ ቤት የመጣችበት ክረምት ግን ክረምት ብቻ አልነበረም። ሰማዩ ወንፊት ሆነ። በየጓሮው የተከመረው ማገዶ በሰበሰ፣ አጥሩ በሰበሰ። ሻረው ከኮረብታው ሆኖ የእርጥብ እንጨት ጭስ ከየጣሪያው ሲንፈቀፈቅ ሲያይ፣ ከጎጆው የነበረውን ደረቅ ማገዶ እየተሸከመ ሌላው ሳያየው በየደጁ አኖረ። ሐምሌ ሲጋመስ ለራሱም አልቀረውም።

እንጉዳይ ወሯ ሳይገባ ወለደች። ሕፃኗ ከመዳፍ አትበልጥም ነበር። እሳት ሲነድላት ጭሱ ትንፋሿን ይቆርጠዋል፤ እሳቱ ሲጠፋ ብርዱ ያጠቁራታል። አዋላጇ ጭስ የሌለው እሳት ካልተገኘ ይህች ልጅ አትተርፍም አለች። ያን ጊዜ ቢተው ገሣውን ደርቦ፣ ጭቃው እያንሸራተተው ወደ ኮረብታው ወጣ።

ሻረው የእግር ኮቴ ሰምቶ ከመቀመጫው ተነሳ። ደምሌ ከሄደ ወዲህ ወደዚያ በር የመጣ ሰው አልነበረም። ቢተው መሆኑን ሲያይም ደስ አለው፤ ቂሙን የት እንዳስቀመጠው እሱም አያውቅም። የራሱን በርጩማ ገፋለት።

«ግባ ቢተው። ተቀመጥ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም» አለ ቢተው፣ በር ላይ እንደቆመ። «ጭስ የሌለው እንጨት አለህ?»

ሻረው ጎጆውን አየ። ባዶ ነው። ከዚያ ለቢተው የገፋውን በርጩማ አየው። በጭስና በሙቀት ስንት ዘመን የደረቀ ወይራ! አሸተተው። መጥረቢያውን አንስቶ ፈለጠው። ቢተው ፍልጡን ታቅፎ በገሣው ሸፍኖ ወረደ። የእንጉዳይ ምድጃ ፍም ሆነ፤ ጭስ የለውም። ሕፃኗ ተነፈሰች፣ ጡትም ያዘች።

በማግስቱም ዝናቡ አላቆመም። ወደ ማታ ሻረው ከደጁ ቆሞ ወደ ቢተው ጣሪያ ተመለከተ፤ ቀጭን ጥቁር ጭስ መውጣት ጀምሯል። ወይራው አልቆ እርጥቡን ጨምረዋል ማለት ነው። ገባ። የደምሌን በርጩማ ወደ ደጃፉ ብርሃን አወጣው፣ መልሶም አስገባው። ዛሬ ቢመጣስ? ዛሬ ደክሞት፣ በስብሶ ቢመጣ ምን ላይ ይቀመጣል? እንደገና ወጥቶ ጭሱን አየ። ጠቁሯል። ሻረው በርጩማውን አቅፎ አሸተተው፤ ለረጅም ጊዜ አሸተተው። ከዚያ ፈለጠው። ራሱ ተሸክሞ ወረደ። አትርገጥ የተባለውን ደጅ አልረገጠም፤ እንጨቱን ከመድረኩ ውጭ አስቀምጦ ተጣራና ሄደ። ኮረብታው ላይ ሆኖ ቢመለከት ከቢተው ጣሪያ ጭስ አልታየም። ልጅቱ መኖሯን ያወቀው በዚህ ነው።

እሳቱን በጭራሮ ለኮሰ። መሬት ላይ ተቀመጠ፤ የሚያየውም አልነበረም።

ዝናቡ አባራ። ጥቅምት ላይ ሕፃኗ ክርስትና ከተነሳች በኋላ እንጉዳይ አዝላት፣ በትከሻዋ ደግሞ አንድ ጉማጅ እንጨት ተሸክማ ኮረብታውን ወጣች። አባቷ በዚያ ቤት መቀመጫ እንዳልቀረ ነግሯታል። ጉማጁን ምድጃው አጠገብ አቁማ ተቀመጠችበት። ሻረው ጉማጁን አየው። ስለ ዘመዶቿ አልጠየቃት፣ ስለ ልጅቱ አልጠየቃት።

«ምን እንጨት ነው?» አላት።

«ያሽትቱታ፣ አያ ሻረው።»

ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ወይራ ነው» አለ፤ ዓይኑም እንባ ሞላ።

«ለጊዜው መቀመጫዬ ነው። ስሄድ ማገዶዎ ይሁን» አለች።

ይህ በመንደሩ ተሰማ። ቢተውም ጉማጅ ይዞ ወጣ፤ ብዙ ቆይቶ ስለ ቁልቋሉ ይቅርታ ጠየቀ። ወጥ ሠሪዎቹ ወጡ። ሌላውም ወጣ። እያንዳንዱ እንጨቱን ይዞ ይመጣል፣ ይቀመጥበታል፣ ትቶለት ይወርዳል። ሻረው ሁሉንም ምን እንጨት ነው እያለ ያሸት ነበር። ያ ወር በዕድሜው ብዙ ሰው ያየበት ወር ነው።

ከዚያ አጨዳ ደረሰ። እንጉዳይ ወደ ባሏ አገር ተመለሰች። መንደርተኛውም ለሻረው እኮ ማገዶ ሞልቶለታል፣ አይበርደውም አለ። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም እያለ የሚተርተው ሰው ነው ይህን ያለው። መውጣት ተዉ። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ወረደ።

ለገና እንጉዳይ ልጇን ይዛ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። ከደጃፉ ቆማ ወደ ኮረብታው ቀና አለችና የአያ ሻረው ጭስ የት አለ ብላ ጠየቀች። ማንም አያውቅም። ማንም አላየም። ከአባቷ ጋር ወጣች።

ሻረው መሬት ላይ፣ የጭራሮ አመድ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሞቷል። በዙሪያው ያ ሁሉ ጉማጅ ክብ ሠርቶ ቆሟል። የቢተው በቢተው ቦታ፣ የወጥ ሠሪዎቹ በወጥ ሠሪዎቹ ቦታ። ከየጉማጁ ላይ አመዱ ተጠርጓል። የእንጉዳይ ወይራ ለምድጃው ከሁሉ ቀርቦ፣ ደምሌ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ቆሟል። አንዱም አልነደደም።

ቢተው ራሱን ይዞ፣ «ይህን ሁሉ እንጨት ይዞ በብርድ ይሞታል?» አለ።

«እንጨት አይደለም፣ አባዬ» አለች እንጉዳይ። «ሰው ነው። ማን ሰው ያነዳል?»

ደምሌ አልመጣም። ይህን አልደብቃችሁም። ሻረው ግን ከዚያ ወዲህ በቆላ ማያ ደንብ ሆነ። ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት ስትሄድ ደረቅ ጉማጅ ትይዛለህ። አሽትተህ ትይዛለህ፤ ቁልቋል እንዳይሆን፣ እርጥብ እንዳይሆን። ትቀመጥበታለህ። ስትነሳ ግን ትተህለት አትሄድም፤ በገዛ እጅህ እሳቱ ውስጥ ትከተዋለህ። አለዚያ ያ ሰው አንተን ያስቀምጥና ይበርደዋል። በሚቀጥለው ስትመጣም ሌላ ትይዛለህ፤ ስለዚህ ሻረው ቤት የሆነው እንዳይደገም መምጣት ይኖርብሃል። ስጦታ ልኮ ራሱ የሚቀረውን ዘመድ እስከ ዛሬ «እንጨቱን ትቶ ሄደ» ይሉታል። ለመልካም ጠያቂ ደግሞ ምክሩ አንድ ነው፤ «መቀመጫህን አንድደህ ተነስ»።

በሉ፣ ጀምበሯም አዘቀዘቀች፤ ቤታችሁ ይጠብቃችኋል። እኔን እንደሆነ እዚህ የሚጠብቀኝ የለም። ተነሱና የተቀመጣችሁበትን ወደ እሳቱ አምጡ። አንተ ጥግ ያለኸው፣ ያንተንም።